ሙሽሪት ከግቢ የወጣች ቀን

ይህን ወሬ መጀመሪያ የነገረኝ ጎሚስታው ነው፤ ቁልቁለቱ አልቆ ከተማይቱ የምትጀምርበት ቦታ ላይ ጎማ የሚለጥፈው ሰውዬ። መቼም ጎሚስታ ሲያወራም ጎማ እንደሚነፋው ነው፣ ትንሽ አየር ይጨምርበታል። እኔ ግን ወሬ ሲመጣልኝ አየሩን አስተንፍሼ ነው የምይዘው፤ በዚህ የሚወዳደረኝ ካለ ይምጣ። የጎደለውን ደግሞ ከራሱ ከባለታሪኩ አፍ ሰምቼ ሞልቼዋለሁ።

ባለታሪኩ በያጅ ነው። ሰፈሩ «ሙጫው» ይለዋል፤ እናቱ ያወጡለትን ስም ራሳቸውም ረስተውታል መሰለኝ። መንገድ ዳር በቆርቆሮ የተከለለች ሥራ ቤት አለችው። ሸሚዙ በእሳት ፍንጣሪ ተበሳስቶ ወንፊት መስሏል፣ ዓይኑ ሁልጊዜ ቅላት አለበት፣ ቀልዱ ግን አይጣል። አልጋ የተሰበረበት፣ በር የወለቀበት፣ የምጣድ ጆሮ የተገነጠለበት ሁሉ እሱ ጋ ነው። አንዱ ጎረቤት ከሚስቱ ተጣልቶ በዚያ ሲያልፍ፣ «ሙጫው፣ እኛንም በይደን እስቲ» ቢለው፣ «ሁለታችሁም ዝገት ናችሁ፣ ብየዳ አትይዙም» ብሎ መለሰለት አሉ። የኔንም የግቢ በር የሠራው እሱ ነው። ቤቱ ይፈርሳል እንጂ በሩ አይፈርስም፤ ሌባ ራሱ አይቶት ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። «ሙጫ የነካው አይላቀቅም» ይል ነበር። ሲል ደግሞ ከልቡ ነው። ስንጥቅ ያለበት ነገር እያየ ማለፍ አይችልም፤ እጁን ይበላዋል።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። የሙጫው አባት ታክሲ ነጂ ነበሩ። ሲሞቱ መኪናቸው ግቢው ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ስር ቆመች። ሰማያዊ ናት፣ ዓይኖቿ ክብ፣ ኮፈኗ እንደ ሕፃን ግንባር ጎበጥ ያለ። ዛሬ እንደዚያ ያለ መኪና የሚሠራ የለም፤ የዛሬዎቹ ሁሉ አንድ እናት የወለደቻቸው ነው የሚመስሉት። ከቆመች ጀምሮ ሞተሯን ያስነሳ አልነበረም። ግን ቅዳሜ በመጣ ቁጥር የሙጫው እናት ባልዲና ሳሙና ይዘው ወጥተው ያጥቧታል። ጣሪያዋን፣ መስታወቷን፣ ጎማዋን። መጨረሻ ላይ ባልዲውን ዘንበል አድርገው ከሆዷ ስር ውሃ ይደፋሉ፣ «ከስርም ሰው ናት» እያሉ። ከጥላው ስር ያለው መሬት ደርቆ አያውቅም። ፀሐይም አይደርስበት።

ጎረቤቱ «ሙሽሪት» አላት፤ ታጥባ ታጥባ ከቤት አትወጣምና።

«እማማ፣ ሙሽሪት ዛሬም አልወጣችም?» ይሏቸዋል በአጥር በኩል።

«ባሏን እየጠበቀች ነው» ይላሉ እሳቸው። ሰዉ ይስቃል። እሳቸው አይስቁም።

ከዕለታት አንድ ቀን እናትየው ታመሙ። ደረታቸው ነው። ሰውነታቸው እንደ ታጠበ ሹራብ እየጠበበ ሄደ። ሐኪሙ ለሙጫው በረንዳ ላይ አውጥቶ የነገረውን እሳቸው ከአልጋቸው ሆነው አወቁት፤ የሚሞት ሰው ጆሮው አይሞትም። ጠሩትና አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጡት።

«አገሬ ውሰደኝ» አሉት። «እህቴ ጋ።»

ሙጫው አክስት እንዳለችው ያውቃል፣ አይቷት ግን አያውቅም። እናቱ ወጣት ሳሉ ከታክሲ ነጂው ጋር በዚያችው ሰማያዊ መኪና ኮብልለው ነው የወጡት። አባታቸው በር ላይ ቆመው፣ «በዚያች መኪና የሄደች፣ በዚያችው መኪና መጥታ ይቅርታ ካልጠየቀች በሬን አትርገጥ» አሉ። ባልየው ደግሞ እልኸኛ ነው፤ «ሌባ ያለኝ ሰው በር ላይ መኪናዬን አላቆምም» አለ። በሁለት ወንዶች እልህ መሃል ሴትየዋ ቀሩ። አባት ሞቱ፣ አልሄዱም። እናት ሞቱ፣ አልሄዱም። ሁለቱንም አስታማ የቀበረችው ታናሽ እህት ነች፣ ሳታገባ፣ ሳትወልድ። ከዚያ በመንገደኛ አፍ አንዲት ቃል ላከች። «ሁለት ቀብር አለብሽ» የምትል። ሌላ ነገር የለም።

«እማዬ፣ ጥሩ መኪና እከራያለሁ። ተጋድመሽ ነው የምትሄጂው» አላቸው ሙጫው።

«በኪራይ መኪና ይቅርታ አይጠየቅም።»

«እማ፣ ሙሽሪት እኮ ሞታለች።»

«የሞተችስ እኔ ነኝ። እሷን አስነሳልኝና አድርሰኝ። ከዚያ ወዲያ እንደፈለጋችሁ።»

እናት እንዲህ ካለች ምን ይባላል? ሙጫው መካኒኩን ጠራ። መካኒኩ «ክላክስ» ነው የሚባለው፣ ቀስ ብሎ ማውራት አልፈጠረበትም። ምስጢር ሲነግርህ መንገድ ማዶ ያለው ሰው ይሰማል። እጁ ግን ወርቅ ነው።

ክላክስ ኮፈኑን ሲከፍት የአይጥ ጎጆ አገኘ። «ሙሽሪት ተከራይ አስገብታለች!» ብሎ ጮኸ። ቤንዚኑ በነዳጅ ጋኗ፣ በሰልባትዮው ውስጥ ረግቶ እንደ ቀለም ይሸታል። ሰልባትዮውን አወረደ፣ አጠበ፣ ካርቡራተሩን ፈትቶ በብሩሽ አንድ በአንድ አጸዳው፣ ካንዴላ ቀየረ፣ ባትሪ አሰረ። ሙጫው መብራት ይይዛል፣ ቁልፍ ያቀብላል፣ በመሃሉ ይሰዳደባሉ። መኪና ማስነሳት ማለት እንግዲህ ይህ ነው፤ እኔ በዘመኔ ስንቱን የጭነት መኪና ገደል አፋፍ ላይ በሽቦና በሳሙና አስነስቻለሁ፣ እሱን ሌላ ቀን እንመጣበታለን።

አንድ ከሰዓት በኋላ ቁልፉን አዞሩት። ሳለች። ደግማ ሳለች። ጥቁር ጭስ ተፋችና ተነሳች። የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ፣ ሰው በአጥር ላይ ተንጠለጠለ፣ «ሙሽሪት ነቃች!» ተባለ። እናትየው በመስኮት ብቅ አሉ። ሁሉም እልል ይላሉ ብሎ ጠበቀ። እሳቸው ጆሯቸውን አዘንብለው ሲያዳምጡ ቆዩና፣ «ድምፁ የሷ አይደለም» አሉ። መስኮቱን ዘጉ።

በማግስቱ ክላክስ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ከስር ገባ። ሙጫው ከላይ ሆኖ ያወራዋል። መልስ የለም። ክላክስ ዝም ሲል እኮ ያስፈራል። ቆይቶ እጁን ዘርግቶ ሙጫውን ወደ ታች ጎተተው። ካቻቪቴውን አካሏን በተሸከመው ብረት፣ ሻንሲው ላይ ተከለ፤ እንደ ዳቦ ሰምጦ ገባ። ቡናማ ዱቄት ፊታቸው ላይ ረገፈ።

«ማነው ከስር ውሃ ሲደፋባት የኖረው?» አለ። እግዜር ይመስክር፣ በሹክሹክታ ነው ያለው። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

ሙጫው ወደ ባልዲው አየ። ክላክስም አየ። ከዚያ ሁለቱም ወደ መስኮቱ አዩ።

«እንዳትነግራት» አለ ሙጫው።

«ምን በወጣኝ!»

አያችሁ፣ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው። ከላይ ስታዩዋት እንደ መስታወት ፊት ታሳያለች፣ ከታች ግን የነጂዋ ሚስት በገዛ እጇ፣ በፍቅር፣ ቅዳሜ በቅዳሜ በልታታለች። ደረቅ መሬት ላይ ጥለዋት ቢሆን ኖሮ አቧራ ለብሳ በጤና ትቀመጥ ነበር።

ክላክስ እንዲህ አለ፤ «ሻንሲው ብየዳ ነው፣ ያንተ ነው። ወፍራም ላሜራ ልበስበት። የፍሬኑን ቱቦ ግን እንዳትነካ። ዝገቱ በልቶታል፣ ከዚህ እስከዚያ ሙሉውን እንቀይራለን። አዝዣለሁ፣ ይመጣል።»

ሙጫው ሻንሲውን በየደ። ያማረ ሥራ ነበር አሉ። ቱቦው ግን አልመጣም። ዛሬ ይመጣል፣ ነገ ይመጣል። እናትየው ምግብ ተዉ። ሾርባውን ከንፈራቸው ላይ አስነክተው ይመልሱታል። ልብሳቸውን በሻንጣ አስከትተው ሻንጣውን እግራቸው ስር አስቀመጡ። ሙጫው በገባ ቁጥር ዓይናቸው ከሻንጣው ወደሱ፣ ከሱ ወደ ሻንጣው ይሄዳል።

አንድ ማለዳ እጁ በላው። ጋዙን ጎትቶ፣ የናስ ዘንግ ይዞ ከመኪናዋ ስር ገባና ቱቦው የሚያንጠባጥብበትን ቦታ በየደው። ወጣ፣ ፍሬኑን ረገጠ፤ ያዘ። ደግሞ ረገጠ፤ ያዘ። «ሙጫ የነካው አይላቀቅም» አለ ለራሱ፣ እጁን በሱሪው እየጠረገ።

ክላክስ ሲመጣ ጥቁሩ ቱቦ ላይ ቢጫ ናስ ሲያበራ አየ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ብየዳ።»

«አንተ ሰው ጤና የለህም? ቱቦ እኮ የግቢ በር አይደለም!»

«ስንት የውሃ ታንከር በይጃለሁ፣ ጠብ ያለ አለ?»

«ታንከር ማን ይረግጠዋል? ይሄ በተረገጠ ቁጥር ጉልበት ይገባበታል! ስማኝ፣ የበየድከው ቦታ አይደለም የሚያስፈራኝ። እሱስ ይይዛል። ከጎኑ ያለው ነው። ዝገት የበላውን ብረት እሳት አሳየኸው!»

የሙጫው ሚስት ከደጅ ሆና፣ «ሰውየው የሚልህን አትሰማም እንዴ? እናትህን ይዘህ ነው የምትሄደው» አለችው። ሊመልስላት ዞር ሲል እናቱ በር ላይ ቆመዋል። ጫማቸውን አድርገዋል። ሻንጣውን ራሳቸው ተሸክመውታል፣ ያ ሁሉ ቀን ማንኪያ ያቃተው እጅ።

«ምንድነው የሚያጯጩሃችሁ?» አሉ። «ችግር አለባት?»

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ክላክስ አፉን ከፈተ። ቱቦው በሰበሰ ካለ፣ በምን በሰበሰ ይባላል። በምን በሰበሰ ከተባለ ባልዲው አለ። የምትሞት ሴትዮ ፊት ማን ደፍሮ ባልዲውን ይጠቁማል? አፉን መልሶ ዘጋው።

«ምንም የለ እማማ» አለ። «ያው ልማዳችን ነው።»

«ምንም የለም እማዬ» አለ ሙጫውም።

ሚስቱ ሁለቱንም አየቻቸውና ወደ ውስጥ ገባች። አልተሰናበተችም። ሙጫው መሪው ኋላ ሲቀመጥ ክላክስ በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። «ቁልቁለቱን በማርሽ ውረድ። ፍሬን አታብዛ። ትንሽ እንኳ ከላላብህ ቁም፣ እኔ እመጣለሁ። ሰማኸኝ?» ሙሽሪት ከግቢ ወጣች። ሰፈሩ በጭብጨባ ሸኛት። ክላክስ ግን የቆመችበትን ቦታ ነበር የሚያየው። እርጥቡ መሬት ላይ የጎማዎቿ ቅርጽ እንደ አራት ትንንሽ ጉድጓድ ቀርቷል።

ሜዳው ላይ ጥሩ ሄዱ። እናትየው ተነቃቁ። ዳሽቦርዱን እየዳበሱ ሲኮበልሉ የሆነውን አወሩ፤ አባትህ በየመታጠፊያው ክላክስ ይነፋ ነበር፣ ሚዳቋ እንኳ በሌለበት፤ ወጣትነት፤ ምን ታደርገዋለህ። ሳቁ። ሲስቁ ሳሉ፣ ሲስሉ መሐረቡ ላይ የቀረውን አጥፈው ያዙት።

ማደያ ጋ ሲቆሙ ፔዳሉ ከማለዳው ይልቅ ዝቅ አለበት። ወርዶ አየ። ከኋላ ጎማው ወዲህ መሬቱ ላይ ጠብታ አለ። በጣቱ ነካው፤ ያሟልጫል። የፍሬን ዘይት ገዝቶ ሞላ። ፔዳሉን ረገጠ፤ ተመለሰ። ቁም ተብሏል። እዚህ መቆም ይችል ነበር፤ ሜዳ ነው፣ ሰው አለ፣ ክላክስ ይደርሳል። በመስኮቱ ጎንበስ አለ።

«እማዬ፣ እዚህ አድረን ነገ ብንሄድስ?»

እናቱ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «ነገ ያንተ ነው ልጄ። የኔ ዛሬ ነው» አሉት።

ገብቶ ተቀመጠ። አስነሳት።

ቁልቁለቱን አውቀዋለሁ። እኔ የማላውቀው ቁልቁለት የለም። በቀኝ ገደል ነው፣ በግራ የተቆረጠ ዐለት፤ መሃሉ ደግሞ እንደ እባብ ነው፣ አንዱን ጨረስኩ ስትል ሌላው ይጠብቅሃል። ከአፋፉ ላይ የከተማይቱ ጣሪያዎች ታዩ። እናትየው ቀና አሉ። «ያቺ ናት ቤታችን» አሉ በጣታቸው፤ «ግራር የቆመባት።» ሙጫው ሁለተኛ ማርሽ ይዞ ይወርዳል። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ያዘችለት። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ላይ እግሩን ሲጥል ፔዳሉ እንደ ባዶ ኪስ ወለሉ ድረስ ሄደ።

ደገመ። ወለል። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ ሽቦው እንደ ክር ተበጥሶ መያዣው እጁ ላይ ቀረ። አንደኛ ማርሽ ውስጥ በግድ ከተታት፤ ጮኸች፣ ተንገጫገጨች፣ ትንሽ ያዝ አድርጋ ማርሹን ተፋችው።

«ቀስ በል እንጂ ልጄ፣ ወደ ሰርግ ነው እንዴ የምንሄደው?» አሉ እናቱ።

«ቀበቶውን አጥብቂ እማዬ።»

ድምፁን ሲሰሙ ዞረው አዩት። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁም። ከታች መንገዱ ሲቃና ሰው ይታያል፤ ከገበያ የሚመለስ፣ ሸክም የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ መንገዱን የሞላ። ጎሚስታውም ከሱቁ በር ላይ ጎማ እያንከባለለ ሽቅብ ሲያይ ሰማያዊ ነገር ያለ ድምፅ ሲመጣ አየ። «መኪና እንዲህ ዝም ብሎ ሲመጣ አይቼ አላውቅም» ነው ያለኝ።

ሙጫው መሪውን ወደ ግራ ሰበረ። ወደ ዐለቱ፣ በራሱ በኩል። ብዙ ሾፌር አውቃለሁ፤ በዚያች ቅጽበት እጅ በራሱ ከዐለት ነው የሚሸሸው፣ ራስን ማዳን ነውና። የራሱን ጎን ለዐለት የሚሰጥ ሾፌር፣ እኔን ጨምራችሁ ቁጠሩ፣ አላየሁም። ዐለቱ በሩን እየላጠ፣ እየጨመደደ ወሰደው። ብረቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ግራ እጁን ከመሪው ጋር ያዘው። ሙሽሪት ተንፏቀቀች፣ በጎኗ ዘንበል አለችና ቆመች።

ጎሚስታው ፌሮ ይዞ ሮጦ ደረሰ። በሩን ፈልቅቆ እጁን ሲያወጣ፣ እጅ የሚባል ነገር አልነበረም። ከጎማ ውስጥ ላስቲክ ቆርጦ ክንዱን አሰረለት። እጁ ምን ሆነ ትሉኝ የለ፣ ቀድሜ ልንገራችሁና ይውጣልኝ፤ አውራ ጣቱ ብቻ ተርፎለታል። ዛሬም ይበይዳል። ብረቱን በጉልበቱ ይይዛል፣ በዚያች በአንዲት ጣት ይደግፋል። መኪና ይዞ የመጣበትን ሰው ግን ቀና ብሎም አያየው፣ «ወደዚያ» ይለዋል። ክላክስም ከዚያ ወዲህ ድምፁ ወርዷል ይላሉ። እኔ አላመንኩም ነበር፤ ሄጄ ሰማሁት፣ እውነት ነው።

ወደ መንገዱ ልመለስ። እናትየውን ሴቶች ደግፈው አወጧቸው። ጭረት እንኳ አላገኛቸውም። ሙጫው መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ፊቱ አመድ መስሎ፣ «ደህና ነሽ እማዬ?» ይላል፣ ያንኑ ይደግማል።

«ፍሬኗ ምን ሆነ?» አሉት።

«አርጅታ ነው እማዬ። ዕድሜ ነው።»

ጎሚስታው ከስር አጎንብሶ እያየ ነበር። ቢጫው ብየዳ እንዳለ አለ፣ ጠብ አላለም። ከጎኑ ነው ቱቦው እንደ ሸንበቆ የተሰነጠቀው። «ኧረ ምን ዕድሜ፣ ይሄ እኮ ከስር...» ብሎ ሲጀምር ሙጫው አየው። እንዴት አድርጎ እንዳየው እንጃ፣ ጎሚስታው ምላሱን ዋጠ።

ግን መኪናዋ በጎኗ ዘንበል ብላለች። ሆዷ ለሰው ሁሉ ይታያል። እናትየው ደጋፊዎቹን ለቀው ሁለት እርምጃ ተራመዱና እጃቸውን ከስሯ ሰደዱ። ቡናማው ዝገት እንደ ቅጠል መዳፋቸው ላይ ረገፈ። አሹት። ልጃቸውን አዩ፣ እጁን አዩ።

«ውሃው ነው» አሉ። «እኔ ነኝ።»

«አይደለም እማዬ።»

«ዝም በል። እኔ ነኝ።»

ይህን ጊዜ ሰዉ ገለል አለ። አንዲት ቀጭን አሮጊት ሽቅብ መጥታለች፣ ነጠላ ጫማዋን አንዱን መንገድ ላይ ጥላ። ወሬ ከመኪና ይቀድማል። ከእናትየው ፊት ቆመች። አፍንጫቸው አንድ ነው፣ አገጫቸው አንድ ነው፣ ማንም ሰው እህትማማቾች ናቸው ለማለት አያዳግተውም። ሰላም አልተባባሉም።

«በሱ መኪና መጣሽ?» አለች አክስትየው።

«መጣሁ። አባባ እንዳለው በርሽ ላይ ላቆማት ነበር። አልደረሰችም እንጂ።» እናትየው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ሁለት ቀብር አለብሽ ብለሻል። አለብኝ። ንገሪኝ፣ በምን ልክፈልሽ? ብዙ ጊዜ የለኝም።»

አክስትየው ይህን ቀን ስትጠብቅ የኖረች ሴት ናት፤ የምትለውን ስንት ዓመት ስታዘጋጅ ከርማ ይሆናል። ዓይኗ ግን ሙጫው ላይ ሄደ። ላስቲክ የታሰረበት ክንድ ላይ፣ መሬቱ ላይ የሚንጠባጠበው ላይ።

«ይሄ ማነው?»

«ልጄ ነው። አንቺ ጋ ሊያደርሰኝ ብሎ ነው እንዲህ የሆነው።»

አክስትየው ተንበረከከች። የራሷን ሻርፕ ፈታ ከላስቲኩ በላይ ጠቀለለችለት። ሙጫው፣ «አክስቴ፣ ልብስሽ ይበላሻል» አላት። ይኼኔ ነው ያለቀሰችው። ሳትነሳ፣ ወደ ላይ ቀና ብላ፣ ያን ሁሉ ዘመን ያልጠራችውን ጠራች።

«እትዬ» አለች። «የኔ ምንም ዕዳ የለብሽም። ልጅሽ ከፍሎልሻል፣ ከዕዳውም በላይ ከፍሏል። አሁን ባለዕዳዋ እኔ ነኝ።»